የልዑላን መለዮና የጋዜጣ ፍርድ

የእንግሊዝ ምድር ጦር ባልደረባ የሚሆን ሰው ገና የደንብ ልብሱን ሳይረከብ ለንጉሡና ለወራሾቻቸው ታማኝ እንደሚሆን ይምላል። የሚምለው ለፓርላማው አይደለም፤ ለጠቅላይ ሚኒስትሩም አይደለም። ጦሩን የሚያዘምተው፣ በጀቱን የሚቆርጠውና ጄኔራሎቹን የሚመርጠው ግን የሕዝብ ድምፅ ያገኘው መንግሥት ነው። ንጉሥ ራሳቸው ጦር እየመሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተዋጉት በ1743 (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴቲንገን ላይ ነበር፤ እሳቸውም ዳግማዊ ጆርጅ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዘውዱን ከጦሩ ጋር ያስተሳሰሩት መሐላው፣ ሰንደቅ ዓላማውና መለዮው ናቸው። መለዮውን ደግሞ ማንም አቅልሎ አላየውም። በምርጫ ያልመጣ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚደግፈው ቤተሰብ ለአገር ምን ሠራህ ተብሎ ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያቀርበው መልስ እሱ ነው።

ይህ መልስ በግልጽ ያስፈለገው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ንጉሥ አምስተኛ ጆርጅ ከጠላት ንጉሥ ከጀርመኑ ካይዘር ዊልሄልም ጋር የወንድምና የእህት ልጆች ነበሩ፤ የቤተሰባቸው መጠሪያም ጀርመንኛ ነበር። በየቤቱ ሬሳ ሳይመለስ ለቅሶ በሚቀመጥበት ዘመን ይህ ዝምድና ዘውዱን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ነበር። ስለዚህ በሐምሌ 1917 ንጉሡ የቤተሰቡን ስም ዊንዘር አሉት። ከስሙ ለውጥ ጎን ለጎን የተሄደበት መንገድ ደግሞ የአገልግሎት መንገድ ነው፦ ግንባር መጎብኘት፣ ቁስለኛ መጠየቅ፣ ልጆችን የጦር መኮንን ማድረግ። ሁለተኛው ልጃቸው፣ ኋላ ስድስተኛ ጆርጅ የተባሉት፣ በ1916 በጀትላንድ የባሕር ውጊያ ላይ ኮሊንግዉድ በተባለው የጦር መርከብ ውስጥ ተሰልፈው ነበር።

አልጋ ወራሹ ኤድዋርድ የገጠማቸው ግን ሌላ ነው። በ1914 የግሬናዴር ክብር ዘበኛ መኮንን ሆነው ወደ ውጊያው ግንባር ለመሄድ ቢለምኑም የጦር ሚኒስትሩ ሎርድ ኪችነር ከለከሏቸው። የኪችነር ስጋት የልዑሉ መሞት አልነበረም፤ ወንድሞች አሏቸውና። የፈሩት ምርኮን ነው። አልጋ ወራሽ በጠላት እጅ ከገባ ጦርነቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ኤድዋርድ በዋና መምሪያዎች ተመድበው፣ ወደ ምሽጉ ብቅ እያሉ ዘመቻውን ጨረሱ፤ በ1916 የጦር መስቀል ኒሻን ሲሰጣቸው ግን በጭቃው ውስጥ እንደከረሙት መኮንኖች አልሠራሁበትም ብለው አፍረዋል።

የኪችነር ፍርሃት ከባዶ የመጣ አልነበረም። በሰኔ 1879 የፈረንሳዩ የሦስተኛ ናፖሊዮን ልጅ፣ በስደት እንግሊዝ ያደገውና በዉልዊች የጦር ትምህርት ቤት የተማረው ልዑል፣ የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለቅኝት በወጣበት በዙሉ ተዋጊዎች ጦር ተወግቶ ሞተ። አብሮት የነበረው መቶ አለቃ ልዑሉን ትቶ ሸሽቷል ተብሎ የጦር ፍርድ ቤት ፊት ቆመ። ፍርዱ ኋላ ቢሻርለትም ስሙ ግን አልዳነም። ልዑል ግንባር ሲገኝ የሚከፈለው ዋጋ ሁልጊዜ በልዑሉ ብቻ እንደማይከፈል ይህ ታሪክ ያሳያል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሌላ የባዕድ ልዑል በእንግሊዝ አገር ሞቷል። ከመቅደላ በልጅነቱ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ነበር፤ ትምህርቱም ኑሮውም ሳይስማማው ቀርቶ በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም አረፈ። የተቀበረው በዊንዘር ነው። በ2023 ከኢትዮጵያ በኩል ዐፅሙ ይመለስልን የሚል ጥያቄ በድጋሚ ሲቀርብ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቤተሰቡ አገልግሎት ከመታያነት አልፎ እውነተኛ ዋጋ አስከፍሏል። የስድስተኛ ጆርጅ ታናሽ ወንድም የኬንት መስፍን በነሐሴ 1942 የአየር ኃይል መኮንን ሆነው ሲጓዙ ስኮትላንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ኋላ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባል የሆኑት ፊሊፕ በ1941 በማታፓን የባሕር ውጊያ ላይ የጠላትን መርከቦች በፋና መብራት እያሳዩ ያስመቱ ነበር። ኤልሳቤጥ ራሳቸው በ1945 በሴቶች ረዳት ጦር ውስጥ የመኪና መንዳትና ጥገና ተምረዋል። በዘይት የጨቀየ የሥራ ልብስ ለብሰው በተከፈተ ሞተር አጠገብ የተነሱት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታተማል፤ ከብዙ የቤተ መንግሥት መግለጫ የበለጠ ሥራም ሠርቷል።

ፎቶግራፉን ያሳተመው ያው ጋዜጣ ግን ዝም ማለትንም ያውቅ ነበር። በ1936 ስምንተኛ ኤድዋርድ ተብለው የነገሡት እነዚያው አልጋ ወራሽ፣ ባል ካላት አሜሪካዊት ከወይዘሮ ሲምፕሰን ጋር የነበራቸውን ግንኙነት የአሜሪካና የአውሮፓ ጋዜጦች ወራት ሙሉ ሲያወሩት የእንግሊዝ አንባቢ አንድ መስመር አላነበበም። በአውሮፓው የበጋ ወራት ናህሊን በተባለች መርከብ አብረው የተጓዙበት ፎቶግራፍ ውጭ አገር ታትሟል። ከአሜሪካ የሚመጡትን መጽሔቶች የእንግሊዝ አከፋፋዮች ወሬው ያለበትን ገጽ በመቀስ እየቆረጡ ይሸጡ ነበር። ይህን ሁሉ ያዘዘ ሕግ የለም። የጋዜጣ ባለቤቶቹ እነ ሎርድ ቢቨርብሩክ ከንጉሡ ጋር ተነጋግረው በጨዋ ወግ የገቡት ቃል ነበር። ታኅሣሥ 1 ቀን የብራድፎርድ ጳጳስ ንጉሡ ለሃይማኖታቸው ቢተጉ መልካም ነበር የሚል ንግግር አደረጉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ዝምታው በአንድ ጊዜ ተናደ፤ ሳምንት ቆይቶ ንጉሡ ዙፋናቸውን ለቀቁ። ሕዝቡ ስለ ገዛ ንጉሡ የሰማው ነገሩ ሁሉ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ለኢትዮጵያውያን ያ ዓመት ሌላ ትዝታ አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማይጨው ላይ በግንባር ከተሰለፉ ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በሰኔ መጀመሪያ ለንደን ገቡ። ኤድዋርድ በቤተ መንግሥታቸው አልተቀበሏቸውም፤ ወንድማቸውን የግሎስተርን መስፍን ሰደው በእሳቸው በኩል ሰላምታ አቀረቡ። በወታደር ልብስ ፎቶግራፍ መነሳት የሚያዘወትሩት ንጉሥ፣ ከጦር ሜዳ የመጣውን ንጉሠ ነገሥት ለማየት ያልፈለጉት ሙሶሊኒን ላለማስከፋት ነበር። ያ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የአገሪቱን መልክ የሚነካ ጉዳይ ነው። ስለ ፍቅር ጉዳያቸው የተገባው ቃል ግን የንጉሡን ጠባይና ዝንባሌ በጠቅላላ የሚመረምር ብዕር እንዳይኖር አድርጎ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ያ የጨዋ ወግ ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። ሩፐርት መርዶክ በ1969 ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድንና ዘ ሰንን ከገዙ ወዲህ ደግሞ የንጉሣውያን ገመና የዕለት ሸቀጥ ሆነ። ልዑል አንድሩ በ1982 የፎክላንድ ጦርነት ሲነሳ ዕድሜያቸው 22 ነበር፤ ኢንቪንሲብል በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የሲ ኪንግ ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበሩ። ከመንግሥት በኩል በቢሮ ሥራ ይመደቡ የሚል ሐሳብ ቢነሳም ንግሥቲቱ ልጃቸው ከመርከቧ ጋር እንዲዘምቱ ፈቀዱ። ሥራቸው ቀላል አልነበረም። ኤግዞሴት የተባለውን ሚሳይል ከመርከቧ አሳስቶ ወደ ሄሊኮፕተሩ ለመሳብ መብረር ይገባበታል፤ አትላንቲክ ኮንቬየር የተባለችው መርከብ ስትመታ በአየር ላይ ሆነው አይተዋል። በዚያ ጦርነት 255 የእንግሊዝ ወታደሮች ሞተዋል። በመስከረም ኢንቪንሲብል ፖርትስመዝ ስትደርስ ልዑሉ ጽጌረዳ በጥርሳቸው ነክሰው ወረዱ፤ ጋዜጦቹም ጀግና አሏቸው። ያ ጀግንነት እውነት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የተመነዘረውም እውነት ስለሆነ ነው።

ወንድማቸው ኤድዋርድ በ1987 መጀመሪያ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ሥልጠናን በአራተኛው ወር አካባቢ ሲያቋርጡ ያው ጋዜጣ ተሳለቀባቸው። አንድ ተራ ሠልጣኝ ቢያቋርጥ ሻንጣውን ይዞ በጸጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በልዑልነት ያገኙት ዕድል የመሞከርን በር ከፍቶላቸው የመተውን በር ዘግቶባቸው ነበር።

የዚህን ሁሉ ውጥረት ከማንም በላይ በአንድ ሕይወት ያሳየው የዛሬው ንጉሥ ሁለተኛ ልጅ ልዑል ሃሪ ነው። በጥር 2005፣ ሃያ ዓመቱ ሆኖ ሳንድኸርስት ሊገባ ሲጠባበቅ፣ ለአንድ የጭምብል ድግስ የናዚ ጦር ልብስ ለብሶ ክንዱ ላይ የስዋስቲካ ጨርቅ አስሮ የተነሳው ፎቶግራፍ በዘ ሰን የፊት ገጽ ወጣ። የአውሽዊትዝ ማጎሪያ ነፃ የወጣበት 60ኛ ዓመት ሊከበር ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቤተ መንግሥቱ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ። ቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት የፓርላማ አባል ዳግ ሄንደርሰን ልጁ ሳንድኸርስት ሊገባ አይገባውም አሉ። የሆነው ሆኖ በግንቦት ገባ። እዚህ ላይ ጋዜጣው ሥራውን ሠርቷል፤ ነገ ወታደር የሚያዝ ሰው የትኛውን መለዮ እንደ ቀልድ እንደሚለብስ ሕዝቡ ማወቅ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ባለው ዓመት ግን ጋዜጣው ራሱ ወንጀለኛ ሆኖ ተገኘ። ሃሪ በሳንድኸርስት ሳለ ለንደን በሚገኘው የኢራን ኤምባሲ ላይ በ1980 ስለተፈጸመው እገታ ድርሰት እንዲጽፍ ታዘዘ። የቀድሞ መኮንን ለነበረ የቤተሰቡ ረዳት መረጃ ካለህ ላክልኝ የሚል የድምፅ መልእክት ስልኩ ላይ ተወለት። የኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ ሰዎች መልእክቱን ሰርቀው አዳመጡና ልዑሉ ለትምህርቱ እገዛ ይጠይቃል የሚል ወሬ ሠሩ፤ ምንጩ ስርቆት መሆኑ እንዳይታወቅም ቃላቱን አድበስብሰው ጻፉት። ጉዳዩ ኋላ በፍርድ ቤት በዝርዝር ተነቧል። አንድ ዕጩ መኮንን ጓደኞቹ የማያገኙት እርዳታ ማግኘቱ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። ሆኖም ጥያቄው በተሰረቀ መልእክት ላይ በመቆሙ ልዩ መብትን መመርመር የነበረበት ጋዜጣ ራሱ ከሕግ በላይ ሆኖ ተገኘ። የጋዜጣው የቤተ መንግሥት ጉዳዮች አዘጋጅና የቀጠረው መርማሪ በጥር 2007 ታሰሩ፤ የስልክ ጠለፋው ስፋት ሲገለጥ በሐምሌ 2011 የ168 ዓመቱ ጋዜጣ ራሱ ተዘጋ።

ሃሪ በሚያዝያ 2006 በክብር ዘበኛ ፈረሰኛ ጦር የብሉስ ኤንድ ሮያልስ መኮንን ሆኖ ተመረቀ። ክፍሉ በ2007 ወደ ኢራቅ ሲዘምት እሱም እንደሚሄድ ከተነገረ በኋላ፣ የምድር ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሰር ሪቻርድ ዳናት በግንቦት 16 ሐሳባቸውን ለወጡ። ታጣቂዎች እሱን ለይተው ለመምታት መዘጋጀታቸውንና አደጋው በዙሪያው ላሉት ወታደሮች እንደሚተርፍ ገለጹ። ምክንያቱ ትክክል ነበር። ልጆቻቸውን በኢራቅ የቀበሩ ወላጆች ቢከፋቸው ግን ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም፤ የእነሱን ልጆች ከአደጋ ያራቀ ጄኔራል አልነበረምና።

መውጫው በምስጢር ተፈለገ። የመከላከያ ሚኒስቴርና የአገሪቱ ዋና ዋና የዜና ተቋማት አዘጋጆች ተቀምጠው ተስማሙ፦ ልዑሉ አፍጋኒስታን ይሄዳል፤ ማንም አይዘግብም፤ በምላሹ ጋዜጠኞች ከመሄዱ በፊትና በቆይታው ቃለ ምልልስና ፊልም ያገኛሉ፤ የሚወጣው ግን ሲመለስ ነው። ሃሪ በታኅሣሥ 2007 ሄልመንድ ገባ። በጋርምሲር ከታሊባን ምሽግ 500 ሜትር ያህል በሚርቅ የጦር ሰፈር ከጉርካ ወታደሮች ጋር ተመደበ። ሥራው የአየር ድጋፍ መቆጣጠር ነበር፤ ከአውሮፕላን የሚላከውን ምስል በትንሽ የኮምፒዩተር መስኮት እየተመለከተ፣ ቦምብ የት እንደሚጣል በሬዲዮ ከአብራሪዎች ጋር መነጋገር። የሬዲዮ መጠሪያው «ዊዶ ስድስት ሰባት» ነበር። በሌላው ጫፍ ያሉት አብራሪዎች ስሙንም ዘሩንም አያውቁም፤ ድምፁን ብቻ ይሰማሉ። በሕይወቱ ማንም ማንነቱን ሳያውቅ በሥራው ብቻ የተመዘነበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው፤ እሱም ደጋግሞ ተናግሮታል።

ዝምታው ለአሥር ሳምንት ያህል ዘለቀ። ኒው አይዲያ የተባለ የአውስትራሊያ መጽሔት ስምምነቱን ሳያውቅ በጥር ወሬውን አወጣው፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። የካቲት 28 ቀን 2008 ድራጅ ሪፖርት የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ሲያወጣው ግን ዓለም ሁሉ ሰማ፤ በማግስቱ ሃሪን የማስወጣት ውሳኔ ተሰጠ። በተመለሰበት አውሮፕላን ክፉኛ የቆሰሉ ሁለት ወታደሮች ነበሩ። ጀግና ተብሎ ሲጠራ ጀግኖቹ እነሱ ናቸው ብሎ መለሰ።

ስምምነቱን የነቀፉ ነበሩ። የቻናል 4ው ዜና አቅራቢ ጆን ስኖው ድራጅን አመስግኖ የጻፈው፣ የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ከመንግሥት ጋር ተሻርከው ሕዝቡን አታለዋል ብሎ በማመኑ ነው። ይህ ነቀፋ በግማሹ ይገባል። የዘማች ክፍልን ቦታ አለማውጣት የማንኛውም ጨዋ ጋዜጠኛ ግዴታ ነው፤ ለመቶ አለቃ ልዑልም ለገበሬ ልጅም አንድ ነው። በዚህ ረገድ ዝምታው አብረውት የነበሩትን ሰዎች ሕይወት ጠብቋል። ጥፋቱ ዝምታው ላይ ሳይሆን ዋጋው ላይ ነው። አዘጋጆቹ ዝም ያሉት በነፃ አልነበረም፤ የፊልምና የቃለ ምልልስ ድርሻ ተቀብለው ነው። ምስጢሩ እንደተሰበረ በሰዓታት ውስጥ ተዘጋጅቶ የቆየው ፊልም፣ መትረየስ ሲተኩስና በሞተር ብስክሌት ሲቀልድ የሚያሳየው፣ በየቴሌቪዥኑ ፈሰሰ። ስለ ጦርነቱ አካሄድ፣ ስለ ሄልመንድ ሕዝብ፣ በዚያ ስለሚሞቱት ወታደሮች የሚያነሳ ዘገባ በዚያ ሳምንት ከልዑሉ ጥላ ሥር ገባ። የእንግሊዝ ጦር በአፍጋኒስታን በጠቅላላው 457 ሰው አጥቷል፤ አብዛኞቹ ከቤተሰባቸውና ከክፍላቸው በቀር የሚያውቃቸው የለም።

ከዚያ በኋላ የጋዜጣው ሚዛን ተንገዳገደ። በጥር 2009 ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ ሃሪ ከሦስት ዓመት በፊት በሳንድኸርስት ተማሪ ሳለ የቀረጸውን ፊልም አወጣ፤ በፊልሙ የፓኪስታን ተወላጅ የሆነ ዕጩ መኮንን ጓዱን በዘር ስድብ ጠርቶት ነበር። ይቅርታ ጠየቀ፤ ጦሩም ስለ ሰው ልጆች እኩልነት ወደሚሰጥ ትምህርት ላከው። ይህ ከባድ ነገር ነበር፤ በመኮንን አፍ የሚወጣ ስድብ ትእዛዝ በሚቀበሉት ወታደሮች ላይ ይወድቃል። በነሐሴ 2012 ደግሞ በላስ ቬጋስ የሆቴል ክፍል ውስጥ ራቁቱን የተነሳው ፎቶግራፍ በአሜሪካ ድረ ገጽ ወጣ። ቤተ መንግሥቱ ባቀረበው ጥያቄ የእንግሊዝ ጋዜጦች ለጥቂት ጊዜ ታገሡ፤ ዘ ሰን ግን የሕዝብ ጥቅም አለበት ብሎ በነሐሴ 24 ፎቶውን አተመው። በእረፍት ላይ ያለ መኮንን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ልብሱን ማውለቁ ለአገር መከላከያ የሚያመጣው ጥቅምም ጉዳትም የለም። የትኛው ከባድ የትኛው ቀላል እንደሆነ የለየው የሚሸጠው የጋዜጣ ብዛት እንጂ የነገሩ ክብደት አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃሪ የአፓቼ ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆኖ አፍጋኒስታን ውስጥ ካምፕ ባስትዮን ወደተባለው የጦር ሰፈር ገባ። በዚህኛው ዘመቻ የዝምታ ስምምነት አልነበረም፤ መሄዱ በይፋ ተነገረ፤ ታሊባንም እንደሚፈልጉት አሳወቁ። በመስከረም 14 ቀን ሰፈሩ ተጠቅቶ ሁለት የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ወታደሮች ሞቱ፤ ስድስት የጦር አውሮፕላኖችም ወደሙ። በቆይታው ከተቀረጸው ቃለ ምልልስ አንዱ እስኪያልቅ አልተጠበቀም፤ ጥሪ ሲመጣ ማይክሮፎኑን ነቅሎ ወደ ሄሊኮፕተሩ ሲሮጥ ካሜራው ከኋላው ቀረ። በ2015 በሻምበልነት ማዕረግ ጦሩን ለቀቀ። በጥር 2023 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ በሁለተኛው ዘመቻ 25 ሰው እንደገደለ ሲጽፍ የነቀፉት የገዛ የጦር ጓዶቹ ነበሩ፤ ወታደር የገደለውን አይቆጥርም፣ ቢቆጥርም አያወራም ብለው። ዕድሜውን ሙሉ ገመናው ያለ ፈቃዱ የተቸበቸበ ሰው፣ ሌላው ወታደር የሚቀብረውን ነገር በፈቃዱ ለገበያ ማውጣቱ ያሳዝናል።

በጋዜጦቹ ላይ የመሠረተው ክስ ግን ፍሬ አፍርቷል። በታኅሣሥ 2023 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለናሙና ከቀረቡት 33 የሚረር ጋዜጦች ጽሑፎች 15ቱ በሕገ ወጥ መንገድ በተገኘ መረጃ የተሠሩ መሆናቸውን ወስኖ 140,600 ፓውንድ ካሳ ፈረደለት። በጥር 2025 ደግሞ የመርዶክ ኩባንያ በይፋ ይቅርታ ጠይቆት ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ።

የአንድሩ ጉዳይ በተቃራኒው የዘገየ ነው። በየካቲት 2011 ልዑሉ ቨርጂኒያ ጁፍሬ ከተባለች ወጣት ጋር የተነሱት ፎቶግራፍ በእንግሊዝ ጋዜጣ ወጣ። ሴትዮዋ በወሲብ ወንጀል የተፈረደበት አሜሪካዊው ባለሀብት ጄፍሪ ኤፕስታይን ገና በአፍላነቷ ለሰዎች እንዳቀረባት የተናገረች ናት። በዚያ ዓመት አንድሩ የንግድ ልዩ መልእክተኛነታቸውን ተዉ። በታኅሣሥ 2014 መጨረሻ በፍሎሪዳ ፍርድ ቤት በቀረበ ጽሑፍ በስም ተከሰሱ፤ ቤተ መንግሥቱ አጥብቆ አስተባበለ፤ ዳኛውም ኋላ ክፍሉ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለው ከመዝገብ እንዲወጣ አዘዙ። ከዚያ ጽሑፍ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በ55ኛ ልደታቸው፣ የክብር ምክትል አድሚራል ተባሉ። በ2017 ደግሞ የግሬናዴር ክብር ዘበኛ የክብር ኮሎኔል ሆኑ። የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን በ2015 ከጁፍሬ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ ሳያስተላልፍ ዓመታት አስቀምጦት እንደነበር የታወቀው በ2019 ነው።

በዚያ ዓመት ኅዳር አንድሩ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለቢቢሲዋ ኤሚሊ ሜይትሊስ ቃል ሰጡ። ጁፍሬ በጭፈራ ቤት በላብ ተነክረው ነበር ማለቷ ሲነሳባቸው፣ በፎክላንድ ጦርነት ሲተኮስባቸው በደረሰባቸው ድንጋጤ ምክንያት በዚያን ዘመን ላብ አይወጣቸውም እንደነበር መለሱ። በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ የጦር አገልግሎት እንደ ጋሻ ከቀረበባቸው ጊዜያት ሁሉ ይህን ያህል ለጓዶች የከበደ የለም። በዚያ ጦርነት እጅና እግራቸውን ያጡ ሰዎች በቤታቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። ቃለ ምልልሱ ከተላለፈ ከአራት ቀን በኋላ አንድሩ ከአደባባይ ሥራ ወጡ። ጥር 12 ቀን 2022 የኒው ዮርክ ዳኛ የጁፍሬ ክስ እንዲቀጥል ወሰኑ፤ በማግስቱ ከ150 የሚበልጡ የቀድሞ ወታደሮች ማዕረጋቸው እንዲገፈፍ ለንግሥቲቱ ጻፉ፤ በዚያው ቀን የጦር ክፍሎቹ የክብር ሹመት ተወሰደባቸው። በየካቲት ጥፋተኛነትን ሳያምኑ ክሱን በገንዘብ ዘጉት፤ እስከ ዛሬም ክሱን ይክዳሉ።

ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለው አባባል በእንግሊዝ አሁንም የሕግ አካል አለው። ንጉሡ በግላቸው በገዛ ፍርድ ቤታቸው አይከሰሱም፤ በፓርላማ ስለ ንጉሣውያን ቤተሰብ ምግባር በነቀፋ መናገር በአሠራሩ የተከለከለ ነው፤ በ2010 በወጣ ሕግም ንጉሡና ሁለቱ ቀዳሚ ወራሾቻቸው ከመንግሥት ጋር የሚያደርጉት ደብዳቤ በመረጃ ነፃነት ሕግ ሊጠየቅ አይችልም። ሌላው የቤተሰብ አባል እንደ ማንም ሰው ሊከሰስ ይችላል፤ የክብር የጦር ማዕረግ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። አንድ ሻለቃ ሲያጠፋ በ2006ቱ የጦር ኃይሎች ሕግ መሠረት ይከሰሳል፣ ይከራከራል፣ ይቀጣል ወይም ነፃ ይወጣል። የልዑል የክብር ማዕረግ የሚሰጠው ያለ ፈተና ነው፤ የሚወሰደውም ያለ ክርክር ነው። ሰጪና ነሺ የቤተሰቡ ራስ ናቸው፤ እሳቸውን የሚያነቃቸውም ዞሮ ዞሮ የጋዜጣ ጩኸት ነው። ለልዑል የጦር ፍርድ ቤቱ ጋዜጣ ሆኗል ማለት ነው። ያ ፍርድ ቤት ደግሞ የሆቴል ራቁትነትን በሁለት ቀን ይፈርዳል፤ የአንዲትን ሴት አቤቱታ አሥራ አንድ ዓመት ያቆያል።

ክርክሩ በልብሱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሄዷል። በሚያዝያ 2021 በፊሊፕ የቀብር ሥነ ሥርዓት ከቤተሰቡ ማንም የጦር ልብስ አልለበሰም፤ ሃሪ በዚያ ዓመት የካቲት የክብር ሹመቶቹን አጥቷል፣ አንድሩም በጥያቄ ውስጥ ነበሩና ልዩነቱ እንዳይታይ ሁሉም ሲቪል ለበሱ። በመስከረም 2022 በንግሥቲቱ ቀብር ደግሞ ሁለቱ ዘማቾች ከአስከሬኑ ኋላ በሲቪል ሲሄዱ፣ ጦርነት አይተው የማያውቁ ዘመዶቻቸው በሙሉ ሹመት አጊጠው ነበር። ሁለቱ ልብሱ የተፈቀደላቸው በዌስትሚንስተር አዳራሽ ለአስከሬኑ ዘብ በቆሙባት ሰዓት ብቻ ነው።

በጥቅምት 2025 ንጉሥ ሣልሳዊ ቻርልስ የወንድማቸውን የልዑልነት መጠሪያ እንደሚያነሱ ቤተ መንግሥቱ አስታወቀ፤ ስማቸውም አንድሩ ማውንትባተን ዊንዘር ሆነ። የቀረችው የክብር ምክትል አድሚራልነት ነበረች። በኅዳር መጀመሪያ የመከላከያ ሚኒስትሩ ጆን ሂሊ ይህችንም ማዕረግ ለማንሳት እየተሠራ መሆኑን ለቢቢሲ ሲናገሩ፣ በዚህ ረጅም ጉዳይ ውስጥ ስለ ማዕረጉ የተመረጠ መንግሥት ሹም በግልጽ ቃሉን ሰጠ። እንዲነሳ የታሰበው በልደት ቀን የተሰጠው ማዕረግ ነው፤ በ1982 በሄሊኮፕተር ተነስተው ከኤግዞሴት ፊት የበረሩበትን አገልግሎት የሚመለከት አይደለም።